3060ዬን ትቼ 4090 ልግዛ? ሬንደር የምትሠሩ ምከሩኝ

ንድፍ_ጀሞ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተሬን ግራፊክስ ካርድ ልቀይር ነው፤ ብዙ ብር ከማውጣቴ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲመክረኝ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል። ግን ሁሉንም ካልነገርኳችሁ እናንተም በግምት ነው የምትመልሱልኝ።

አርክቴክት ነኝ። ድሮ ቢሮ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። አሁን ጀሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለሌሎች አርክቴክቶችና ለቤት አልሚዎች ሬንደር እሠራለሁ፤ የሕንፃውን ሞዴል ፎቶ የሚመስል ምስል አደርገዋለሁ ማለት ነው። ሞዴሉ አብዛኛውን ጊዜ በሬቪት (የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር) ተሠርቶ ይመጣልኛል። እኔ ብሌንደር የሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቼ ማቴሪያል እሰጠዋለሁ፣ ዛፍና መኪና አስገባለሁ፣ መብራቱን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ በሳይክልስ (የብሌንደር የራሱ ሬንደር ማድረጊያ) ሬንደር አደርጋለሁ።

ማሽኔ ራይዘን 5 3600 ነው። 32 ጊጋ ራም፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ግራፊክስ ካርዱ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ሚሞሪ ነው። ይህን ካርድ እወደዋለሁ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት ስሠራ አስቸግሮኝ አያውቅም። ማታ አስነስቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ምስሉ ወጥቶ አገኘዋለሁ።

አሁን የያዝኩት ሥራ ግን ከበደኝ። ሙሉ ግቢ ነው። ቪላዎቹ፣ አጥሩ፣ ሣሩ፣ ዛፉ፣ የልጆች መጫወቻው፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ አለ። ዛፎቹ ሲገቡ የካርዱ ሚሞሪ ይሞላል። አንዳንዴ ሬንደሩ ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ሚሞሪ አልቋል ብሎ ይቆማል። በዚያ ላይ ደንበኛው የ90 ሰከንድ አኒሜሽን ይፈልጋል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ቢሆን 2,250 ፍሬም ነው። ካሜራው ዛፍ በሌለበት በኩል ሲሆን እንኳ አንዱ ፍሬም 4 ደቂቃ ይፈጃል። ስታባዙት 150 ሰዓት ይመጣል። ከስድስት ቀን በላይ ማለት ነው፣ ያውም መብራት ካልጠፋ።

እቁብ ወጥቶልኛል። መገናኛ አንድ ነጋዴ ጋ ያገለገለ 4090 አለ፤ 350 ሺህ ብር ይላል። 5090 አዲሱን ስጠይቅ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጠራብኝ፤ እሱን ትቼዋለሁ። እቁቡ ግን የካርድ ብቻ አይደለም። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያው ነው የሚወጣው። ዶላር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰም ታውቃላችሁ። ካልሆነልኝ በሌላ እቀይረዋለሁ የምለው ገንዘብ አይደለም።

4090 ለእኔ ሥራ ዋጋውን ያወጣል? ካወጣስ፣ ያገለገለ ስገዛ ምን ምን ልይ? አይሆንም የምትሉ ደግሞ ምን ይሻለኛል?

---

ሰርገኛው_ካሜራ፦

ሰላም እህት። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ያንቺ ሬንደርና የእኔ አንድ አይደለም። ግን ይህን የሚያነቡ ኤዲተሮች ስላሉ አንድ ነገር ልበል፤ ሁሉም ሰው 4090 ሲባል ሰምቶ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል።

የሶኒ ካሜራዬ በ10 ቢት 4፡2፡2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ የቪዲዮ ዓይነት) ነው የሚቀዳው። ይህን ዓይነት ፋይል 3060ም 4090ም በሃርድዌር አይፈቱትም፤ ሸክሙን ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚጥሉት። ኤንቪዲያ ይህን የጀመረው በ50ዎቹ ካርዶች ነው። ስለዚህ ለእኔ ዓይነት ሥራ አዲስ 5060 ቲአይ በዚህ በኩል ከ4090 ይሻላል። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮም አብሮት ያለው ግራፊክስ በኤች 265 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት) የተቀዳውን 4፡2፡2 ይፈታል። ብዙ ሰው እሱን ሳያበራ ነው ካርድ ልግዛ የሚለው።

አንቺ አኒሜሽኑን ቆርጠሽ የምታስረክቢው ከራስሽ ፍሬሞች ነው፤ ስለዚህ ይህ አያሳስብሽም። ስለ ሬንደሩ የሚያውቁት ይንገሩሽ።

---

ሀበሻ_በቨርጂኒያ፦

ግዢው። ካርዱ እኔ ጋ አለ፣ ብሌንደርም እጠቀማለሁ። ለምን እንደምል ልንገርሽ።

3060 ያለው የኩዳ ኮር (ሒሳቡን የሚሠሩት የካርዱ ትናንሽ ክፍሎች) 3,584 ነው፤ 4090 ደግሞ 16,384። በሳይክልስ ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ያንቺ 150 ሰዓት ወደ 33 ሰዓት ወረደ ማለት ነው። ዓርብ ማታ ብታስጀምሪው እሑድ ጠዋት በእጅሽ ነው። ደንበኛው "የዚህን ግድግዳ ቀለም ቀይሪልኝ" ሲልሽ ደግሞ ሳምንት አትለምኚውም። በዚህ ሥራ ላይ የሚገድለው ይኼ ነው፤ የመጀመሪያው ሬንደር ሳይሆን እርማቱ።

ሚሞሪው 24 ጊጋ ነው። ያንቺ ግቢ ይገባል። ከዚያ የሚበልጥ ሠፈር ቢመጣም ይገባል። 5080 ዋጋው በወጣበት ቀን 999 ዶላር ተባለ፣ ግን 16 ጊጋ ብቻ ነው። 5090 32 ጊጋ አለው፣ 1,999 ዶላር ነበር የተባለው። በዚያ ዋጋ ማግኘት ግን እዚህም ከባድ ነበር። ፌርፋክስ ያለው ማይክሮሴንተር የኮምፒውተር ሱቅ በር ላይ ሰው ሌሊቱን ተሰልፎ ነው የሚያድረው ይባል ነበር። 4090 አዲሱ መመረት አቁሟል። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር፤ እስካሁን ያገለገለው ከዚያ ብዙም አልወረደም። የኤአይ ሰዎች 24 ጊጋውን ይፈልጉታል። ስለዚህ ነገ ብትሸጪው ገንዘብሽ አይጠፋም።

የመብራት ፍጆታው 450 ዋት ነው፤ ይህን አትፍሪ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም የኃይል ገደቡን 70 በመቶ ላይ አድርጊው። 315 ዋት ይሆናል፣ ፍጥነቱ ከአሥር በመቶ በታች ነው የሚቀንሰው። የእኔው እንደዚያ ነው ሁልጊዜ የሚሠራው።

---

ብየዳ_መገናኛ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ከፔንቲየም ጀምሮ እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ካርድ ሻጭ አይደለሁም። የቨርጂኒያው ወንድማችን የተናገረው ስለ ካርዱ ሁሉም እውነት ነው። ካርዱ ግን አዲስ አበባ መጥቶ፣ አንቺ ቤት ገብቶ፣ አንቺ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚያ ልናገር።

መጀመሪያ ሚሞሪው። 12 ጊጋ የሞላው ሥራው ስለሚጠይቅ ነው ወይስ ፋይሉ ስላልተጠረበ? ይህን ሳታውቂ ካርድ አትግዢ። ታስክ ማናጀር ክፈቺ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን ተጫኚ። "ዴዲኬትድ" የሚለው የካርዱ የራሱ ሚሞሪ ነው። "ሼርድ" የሚለው ከራም የሚበደረው ነው። ሬንደር ስታስጀምሪ ዴዲኬትዱ 12 ላይ ደርሶ ሼርዱ መውጣት ከጀመረ፣ ያ የምትዪው መንቀርፈፍ እሱ ነው። ካርዱ አልደከመም፤ ዕቃውን ከራም እያመላለሰ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዪው። አንድ ባለ ቀለም 4ኬ (4096 በ4096 ፒክስል) ቴክስቸር፣ ማለት ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ምስል፣ ካርዱ ላይ ሲቀመጥ 64 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ዲስክ ላይ 5 ሜጋ የሆነ ጄፔግ ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ካርዱ ላይ ተፈትቶ ነው የሚቀመጠው። 8ኬ ከሆነ 256 ሜጋ ነው። አርባ ባለ 8ኬ ቴክስቸር ብቻውን 10 ጊጋ በላ ማለት ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱ የዛፍና የመኪና ሞዴሎች እንዲህ ዓይነት ቴክስቸር ይዘው ይመጣሉ። ከካሜራው 60 ሜትር ርቆ የቆመ መኪና ጎማው 8ኬ ነው። ማን ያየዋል? ብሌንደር ውስጥ ሲምፕሊፋይ የሚለውን አብሪና የቴክስቸር ገደቡን 2048 አድርጊው። 64ቱ ሜጋ ወደ 16 ይወርዳል። ካሜራ አጠገብ ያለው ግድግዳና ወለል ከደበዘዘብሽ ገደቡን አጥፊና የሩቆቹን ብቻ አንድ በአንድ አሳንሺ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን 350 ሺህ ብር አይወስድም።

ዛፉንም እዪ። በሺፍት ዲ ካባዛሽው እያንዳንዱ ዛፍ የራሱን ቅርጽ ይዞ ሚሞሪ ውስጥ ይገባል። በኦልት ዲ ካባዛሽው ሁሉም በአንድ ቅርጽ ይጠቀማሉ። ሣሩም እንደዚያው በኢንስታንስ (አንዱን ቅርጽ በሚጋራ ቅጂ) ይሁን። መቶ ዛፍ እንደ አንድ ዛፍ የሚቆጠርበት መንገድ እያለ መቶውን አትሸከሚ።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ብር የሚያፈሰው። 650 ዋቱ ፓወር ሰፕላይ ለ4090 አይሆንም። ኤንቪዲያ ራሱ 850 ነው የሚለው። ዩፒኤስሽስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው)? ገበያ ላይ ያለው ትንሹ 650 ቪኤ ብዙውን ጊዜ 360 ዋት ብቻ ነው የሚችለው። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ባንድ ላይ ሲጭኑት መብራት በሄደ ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። 1500 ቪኤ የሚባለው ብዙውን ጊዜ 900 ዋት ነው። ስትገዢ ቪኤውን ሳይሆን ዋቱን አንብቢ። ሌላም አለ። ጥሩ ጥሩዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ከርካሽ ዩፒኤስ ጋር አይስማሙም። ዩፒኤሱ የሚያወጣው ሞገድ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ካልሆነ ወደ ባትሪ ሲቀየር ማሽኑ ሊጠፋ ይችላል። ገዝተሽ ከመክፈልሽ በፊት ማሽንሽን ሰክተሽ፣ ሬንደር አስጀምረሽ፣ የግድግዳውን ሶኬት ንቀዪ። ካላጠፋው ውሰጂው።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲተያይ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ፋን የሚያወጣው ሙቀት በአየሩ መጠን ነው። እዚያ ማዶ ቪዲዮ ላይ 65 ዲግሪ የሚያሳየው ካርድ እዚህ ጠበብ ባለ ኬዝ ውስጥ ከዚያ ይበልጣል፣ ፋኑም ይጮሃል። ለአርባ ሰዓት ያለ ዕረፍት ለሚሠራ ማሽን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኬዙ ፊት ለፊቱ ክፍት ይሁን፤ አቧራውን በየጊዜው አስነፊው።

ያገለገለ 4090 ልግዛ ካልሽ፣ የማየው ይህን ነው።

ማይኒንግ (የክሪፕቶ ገንዘብ ቁፈራ) ላይ ውሏል ብለሽ ብዙ አትጨነቂ። ኢቴሪየም በካርድ መቆፈር ያቆመው መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ 4090 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማይኒንግ ያቃጠለው 3090ን ነው። የ3090 ሚሞሪ ግማሹ ከቦርዱ ጀርባ ስለሆነ በደንብ አይቀዘቅዝም። 24 ጊጋ በርካሽ ብለሽ እሱ ላይ እንዳትሄጂ፤ ከሄድሽም በጣም ፈትሸሽ።

4090 ላይ የምፈራው ሌላ ነው። አሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ካርዱ ወደ ቻይና እንዳይሸጥ ከከለከለች በኋላ ዋናውን ቺፕና ሚሞሪውን ነቅለው ሌላ ቦርድ ላይ የሚበይዱ ወርክሾፖች መጡ። የቀረው ባዶ ካርድ ከነማቀዝቀዣው እንደ ጤነኛ ተሽጦ በየአገሩ ሰው ተታልሏል። ከውጭ ስታዪው አይታወቅም። ስለዚህ ሳይበራ አትግዢ። በርቶም ስክሪን ማሳየቱ አይበቃም። የካርዱን ማንነት የሚያሳየው ጂፒዩዜድ የሚባል ፕሮግራም ላይ 24 ጊጋና 16,384 ኮር ይታይ። ከዚያ የራስሽን የግቢ ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ሄደሽ እዚያው ሬንደር አድርጊ። ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ነጋዴው ይህን እምቢ ካለ ደህና ዋል ብለሽ ውጪ።

ሶኬቱንም እዪ። ያ አዲሱ 16 ፒን ሶኬት በ450 ዋት ላይ 37 አምፔር ተኩል ያስተላልፋል። እስከ መጨረሻው ካልገባ ይሞቃል፣ ይቀልጣል። ፕላስቲኩ የጠቆረ ወይም የተጣመመ ከሆነ አትንኪው። ስትሰኪውም ድምፁን ወይም ስሜቱን እስክታገኚ ግፊው፤ ገመዱንም ከሶኬቱ አፍ ላይ አትጠፊው።

የእኔ ሐሳብ፦ መጀመሪያ ፋይሉን ጥረቢ። ጥረቢና ቁጥሩን አምጪልን። ከ14 ጊጋ በታች ከወረደ አዲስ 5070 ቲአይ ይበቃሻል። 16 ጊጋ ነው፣ 300 ዋት ነው፣ ሲወጣ 749 ዶላር ነበር። ከ3060 በሳይክልስ ሦስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ተጠርቦም ከ16 ካለፈ ግን ከቨርጂኒያው ወንድሜ ጋር ነኝ፤ ያን ጊዜ 24 ጊጋ ያስፈልግሻል፣ ፍጥነት አይተካውም።

---

ንድፍ_ጀሞ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌ ነው የሠራሁት።

ታስክ ማናጀሩ ልክ እንዳሉት ነው ያሳየው። ዴዲኬትዱ ሞልቶ ሼርዱ ወደ 3 ጊጋ ገደማ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ 15 አካባቢ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ቴክስቸሮቹን ሳያቸው የመጫወቻው ሸርተቴ ባለ 8ኬ ነው። የጥበቃ ቤቱ በርም እንዲሁ። የሩቆቹን 2ኬ አደረግኳቸው፣ በጣም የሚርቁትን 1ኬ። ፊት ለፊት ያለውን ድንጋይና የእንጨት ወለል አልነካሁትም። የጽድና የጃካራንዳ ዛፎቹን ወደ ኢንስታንስ ቀየርኩ። አሁን ሙሉ ግቢው 8.6 ጊጋ ላይ ነው የሚሠራው። ዛፍ ሁሉ ገብቶ ማለት ነው። ሬንደሩም ከዚያ ወዲህ አልቆመብኝም።

ሳምፕሉንም (ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚሰላውን የብርሃን ናሙና) ከ512 ወደ 128 አወረድኩና ዲኖይዘሩን (የምስሉን ነጠብጣብ የሚያጠፋውን) በካርዱ ላይ አደረግኩት። አንዱ ፍሬም 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሆነ። 2,250ው ወደ 69 ሰዓት ማለት ነው። ያው 3060 ላይ!

አሁን ጥያቄዬ ተቀየረ። 12 ጊጋ ከበቃኝ የምከፍለው ለፍጥነት ብቻ ነው። እስቲ ሁለቱን ካርዶች እንደገና አነጻጽሩልኝ።

---

ሀበሻ_በቨርጂኒያ፦

ጥሩ ሥራ ነው፣ በእውነት። ግን በ128 ሳምፕል አኒሜሽን አታስረክቢ። አንድ ምስል ላይ ዲኖይዘሩ ቆንጆ ያደርገዋል። ፍሬሞቹ ሲከታተሉ ግን ቅጠሉና ሣሩ ይርገበገባል፤ ምክንያቱም ዲኖይዘሩ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚገምተው። ደንበኛው ምን እንደሆነ ባያውቅም ዓይኑን ያስጨንቀዋል። 50 ፍሬም ካሜራው በዛፍ ሥር ከሚያልፍበት ቦታ ሠርተሽ አጫውተሽ እዪ።

ደግሞ ሥራሽ እያደገ ነው። ዛሬ ግቢ ነው፣ ነገ ሙሉ መንደር ይመጣል። 24 ጊጋ ያኔ ነው የሚታየው።

---

ብየዳ_መገናኛ፦

ስለ መርገብገቡ ልክ ነው፣ እኔ ሳልነግራት ያለፍኩትን ነው የነገራት። ሞክሪው እህቴ።

ስለ ነገው መንደር ግን አልስማማም። መንደሩ ሲመጣ የመንደሩ ቅድመ ክፍያም አብሮ ይመጣል። ያኔ በዚያ ገንዘብ ያኔ ያለው ካርድ ይገዛል። በዛሬ የትምህርት ቤት ክፍያ የነገ ሥራ ካርድ አይገዛም። ሥራ ሲመጣ ብቻ ነው ዕቃ የሚገዛው፤ ብዙ ሱቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ያየሁት በዚህ ነው።

---

ንድፍ_ጀሞ፦

ሞከርኩት። እውነትም ይርገበገባል፤ የጃካራንዳው ቅጠል ላይ በደንብ ይታያል። 256 ሳምፕል ላይ ሲሆን ጠፋ ማለት ይቻላል። አንዱ ፍሬም 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ። በ3060 ጠቅላላው 100 ሰዓት ነው።

በነገራችሁኝ ፍጥነት አሰላሁት። 5070 ቲአይ ሦስት እጥፍ ከሆነ 33 ሰዓት። 4090 አራት እጥፍ ተኩል ከሆነ 22 ሰዓት። ሁለቱም ከአንድ ሌሊት ያልፋሉ፣ ሁለቱም ከሁለት ቀን በታች ናቸው። ለደንበኛዬ የምሰጠው ቀጠሮ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። 100 ሰዓቱ ግን ቀጠሮዬን ይቀይረዋል። ስለዚህ ከ3060 መውጣት አለብኝ፤ 4090 ድረስ መሄድ ግን የለብኝም።

እርማቱንም አሰብኩበት፤ ወንድሜ ያነሳው ጥሩ ነጥብ ስለሆነ። ቀለም ሲቀየር ሁሉንም ፍሬም አልደግምም። ግድግዳው የሚታይባቸውን ብቻ ነው። እንደዚያ ሲሆን ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው የሚሆነው።

5070 ቲአይ መገናኛ አላገኘሁም፤ አንድ ቦታ ያለው ዋጋው ከ4090 ብዙም አይርቅም። ዱባይ ያላችሁ፣ እዚያ እንዴት ነው? ጋሼ ደግሞ፣ 3060ን ሳልሸጥ ሁለቱን አብሬ ብሰካስ? ሚሞሪው ይደመራል?

---

ዱባይ_ካሊድ፦

ሰላም። ቡር ዱባይ ካሊድ ቢን አል ዋሊድ መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቆቹ ተደርድረው ነው ያሉት። አንዱ ሱቅ የነገረሽን ይዘሽ ወደ ቀጣዩ ሂጂ፤ ዋጋው ይለያያል። በቱሪስት ቪዛ የሚመጣ ሰው ካለሽ በእሱ ፓስፖርት ይገዛ። 5 በመቶው ቫት አብዛኛው ኤርፖርት ላይ ይመለስለታል፤ ሱቁ ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለ መሆኑን ሳይከፍል ይጠይቅ፣ ደረሰኙ ላይም ይመዝገብ።

ሱቁ ውስጥ እያለ ካርዱ ተሰክቶ ጂፒዩዜድ ላይ አርኦፒ የሚለው (ምስሉን የሚጨርሱት የካርዱ ክፍሎች ብዛት) 96 መሆኑን ይይ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከወጡት 5070 ቲአዮች ጥቂቶቹ 88 ይዘው ወጥተው ኤንቪዲያ ራሱ አምኗል፤ እንዲቀየሩም ተደርጓል። ዋስትናው ዱባይ ላይ እንጂ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም ብለሽ ተነሺ። ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ በእጅ ይያዝ። ደረሰኙም ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን፤ ጉምሩክ ላይ ይጠየቃል።

---

ብየዳ_መገናኛ፦

ሚሞሪ አይደመርም። ሁለቱን ለሬንደር ካሰለፍሻቸው ፋይሉ እያንዳንዳቸው ላይ ሙሉውን መግባት አለበት። ስለዚህ ትንሹ 12 ጊጋ ነው የሚወስነው። ያንቺ ፋይል 8.6 ስለሆነ አሁን ይገባል፤ ለዚህ ሥራ ሁለቱንም ማሠራት ትችያለሽ።

እኔ ብሆን ግን ስክሪኑን 3060 ላይ እሰካውና 5070 ቲአይን ለሬንደር ብቻ እተወዋለሁ። ዊንዶውስም፣ ብራውዘሩም፣ የብሌንደር መስኮቱም ከ3060 ይበላሉ፤ የአዲሱ ካርድ 16 ጊጋ ከሞላ ጎደል ሙሉው ለሬንደር ይቀርልሻል። ሬንደር እየሄደ ሌላ ፋይል ስትከፍቺም ማሽኑ አይደርቅብሽም። አዲሱ ካርድ ላይኛው ስሎት ላይ ይሁን። ቦርድሽ ፒሲአይ 3 (የቆየው የካርድ መሰኪያ ትውልድ) ነው፤ ለሬንደር ምንም አይልሽም።

ብሩን እንዲህ ደልድዪው፦ ካርዱ፣ 850 ዋት ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፣ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ዩፒኤስ 900 ዋት የሚል። 300 እና 170 ዋት ካርዶቹ፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ መቶ ያህል፤ ይችለዋል። ራሙ ይቆይ። ብዙዎቹ 5070 ቲአዮች ሦስት ስሎት ስለሚይዙ ታችኛውን ስሎት እንዳይሸፍንብሽ ቦርድሽን በሜትር ለኪና ርዝመቱንም ውፍረቱንም ለሚገዛልሽ ሰው ላኪለት።

---

ንድፍ_ጀሞ፦

ለካሁት። ከላይኛው ስሎት እስከ ታችኛው ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ አለ። ኬዙ ውስጥ ለርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይገባል። ሁለት ስሎት ተኩል የሚይዝ ሞዴል ከተገኘ 3060ው ከሥሩ ተሰክቶም አዲሱ ካርድ ለመተንፈስ ቦታ ያገኛል፤ ካልተገኘ 3060ን እሸጠዋለሁ።

የባለቤቴ እህት ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ትመጣለች፤ የጂፒዩዜዱን ነገርና የቫቱን ጻፍኩላት። ለነጋዴው ደውዬ 4090ውን እንደማልወስድ ነግሬዋለሁ። ለመያዣ የሰጠሁት ነገር ስለሌለ ምንም አላለኝም። ከእቁቡ የትምህርት ቤቱን ዛሬ ከፈልኩ። ፓወር ሰፕላዩንና ዩፒኤሱን ደግሞ ካርዱ እስኪመጣ ሳልጠብቅ ቅዳሜ እገዛለሁ፤ አሁን ያለው ዩፒኤስ ላይ 650 ቪኤ ነው የተጻፈው። አኒሜሽኑን በ3060 ዛሬ ማታ አስጀምራለሁ። ፍሬሞቹን በፒኤንጂ ለየብቻ እያስቀመጥኩ ስለሆነ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጋሼ፣ ቅዳሜ ዩፒኤሱን ስገዛ ማሽኔን ይዤ ብመጣ ሶኬት ነቅለን ብንሞክረው ደስ ይለኛል። ሒሳብዎን እከፍላለሁ።

---

ብየዳ_መገናኛ፦

ነይ። ከአራት ሰዓት በኋላ አለሁ። የግቢውን ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ነይ፤ በባዶ ማሽን ዩፒኤስ አይፈተሽም።